ከአለንጋ እስከ ሴኔት ደንብ፦ የተማሪ ዲስፕሊን ኮሚቴ ታሪክ

በሰሜን ወሎ፣ በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጓደኛውን ቢፈነክት ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ ደንብ ማገላበጥ አያስፈልግም። ስም ጠሪው መምህር ለዩኒት ሊደሩ ያሳውቃል። ዩኒት ሊደሩ «ወላጅ አምጣ» ብሎ ልጁን ከበር ይመልሰዋል። ወላጅ ይመጣል፣ ይለምናል፣ ይፈርማል። ነገሩ ከተደገመ ጉዳዩ ለዲስፕሊን ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይዞ ያስጠነቅቃል፣ ያግዳል፣ ሲከፋም ያሰናብታል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፕሮክተር፣ የካምፓስ ፖሊስ፣ የተማሪዎች ዲንና የዩኒቨርሲቲው ዲስፕሊን ኮሚቴ ይቀበሉታል። ስሞቹ ይለያዩ እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

ይህ አካሄድ ሕንፃም ማኅተምም ባይኖረው ራሱን የቻለ ተቋም ነው። ሥልጣን አለው፣ ልማድ አለው፣ መንግሥት በተለወጠ ቁጥርም መልኩን ቀይሯል። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አብሮት ዘልቋል፤ ጥፋት ከደረሰ በኋላ ማን እንደሚዳኝ አጥብቆ ይደነግጋል፣ ጥፋት ሳይደርስ ያየ ሰው ያየውን ለማን እንደሚናገር ግን የማንም ሥራ አድርጎ አልጻፈም። ሰሜን ወሎ ይህ ክፍተት ዋጋ ካስከፈላቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

ከኮሚቴው በፊት

በዚህ አገር ትምህርት ከመንግሥት ትምህርት ቤት በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። መርሳ ካለችበት ከሀብሩ ወረዳ ወደ ደቡብ ሲወርዱ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በእሳቸው እግር ሥር ተምረዋል። በየጁ በኩል ዳና በ19ኛው መቶ ዘመን ከታወቁት የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት አንዱ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊው ሑሴን አሕመድም የዘመኑን የወሎ እስልምና ባጠኑበት ሥራቸው ተመልክተውታል።

በሁለቱም ወገን ኮሚቴ የሚባል አልነበረም። የኔታም ሆኑ ሸኹ በአንድ ራስ መምህር፣ ዳኛና አሳዳጊ ነበሩ። አለንጋው የታወቀ ነው፤ ያንን ዘመን ማሳመር አያስፈልግም። ነገር ግን የቆሎ ተማሪውም ሆነ ደረሳው የሚያድረው ከመምህሩ ደጅ ነበር። ማን ታመመ፣ ማን ምግብ አጣ፣ ማን ከጓደኞቹ ተነጥሎ ዝም አለ የሚለው ነገር ሌሊቱን ሳይጨርስ ከመምህሩ ጆሮ ይደርሳል። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ሲያስቀጽል ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ያያል። የሚቀጣውና የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር ማለት ነው።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭም ወሎ የራሱ ሥርዓት አለው። አበጋር በደም የተፈላለጉ ቤተሰቦችን ሲያስታርቅ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ከአንድ ሸንጎ ያስቀምጣል፤ ዱበርቲ የሚባሉት እናቶች በዱዓቸው ይገባሉ፤ የአገር ሽማግሌ ዋስ ይጠራል። አበጋር የሚሰበሰበው ሰው ከሞተ በኋላ ቢሆንም ዋና ጭንቀቱ ቀጥሎ ሊፈስ የሚችለው ደም ነው። ገዳይ ካሳ ቢከፍልም የሟች ወንድም ልቡ ካልበረደ ሥራው አልተጠናቀቀም። ከዚህ አንጻር ዘመናዊው የትምህርት ቤት ኮሚቴ ከአበጋር ያነሰ ነገር ነው የሚጠይቀው፤ ፋይሉ ከተዘጋ ለእሱ ጉዳዩ አልቋል።

መንግሥት ወደ ክፍል ሲገባ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈቱት ትምህርት ቤት የዘመናዊው ሥርዓት መነሻ ነው። አውራጃዎች ድርሻቸውን ያገኙት ዘግይተው ነው። የወሎ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሁለተኛ ደረጃን የሚፈልገው ደሴ ወርዶ ከወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ነበር። አለንጋው ከየኔታ ቤት ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሻገረ፤ ከተማሪው ጋር ማደሩና ገበናውን ማወቁ ግን ሳይሻገር ቀረ። ርዕሰ መምህሩ በመንግሥት ደመወዝ የሚዛወር ሠራተኛ ነው፤ ተማሪውም ከቤቱ ርቆ የሚኖር ተከራይ።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ የምክር አገልግሎት የሚባለው ሙያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መግባት ጀምሮ ነበር። ይበልጡን ያተኮረው ተማሪው የቱን የትምህርት መስክ ቢመርጥ ይሻለዋል በሚለው ላይ ነው። ዘመኑ ግን ለአማካሪ የሚመች አልነበረም። የካቲት 1957 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወጡ። በ1959 ሰላማዊ ሰልፍን የሚገድብ አዋጅ ሲታወጅ ግቢው ተናወጠ። ታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንቱ ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ከዚያ ወዲህ የተማሪ ጠባይ የጸጥታ ጉዳይ ሆነ። ዲኑ ስለ ተማሪ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ለሌላ ቢሮ ሊጠቅም እንደሚችል ተማሪው ገባው፤ ምሥጢሩንም ከዲኑ መደበቅ ለመደ።

ደርግ ለተቋሙ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶች በሕዝብ እንዲተዳደሩና ቁጥጥር እንዲደረግባቸው ደነገገ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው አዋጅ ቁጥር 260 ደግሞ የትምህርት ቤት አስተዳደርን አጠናከረ። ወላጅ፣ መምህርና የቀበሌ ተወካይ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት ኮሚቴ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ትምህርት ቤት የአንድ ርዕሰ መምህር ርስት እንዳይሆን ያደርጋል። ያው ቀበሌ ግን በቀይ ሽብር ጊዜ የተማሪ ስም የሚቀበል ቀበሌ ነበር። «እገሌ ሰሞኑን ጠባዩ ተለውጧል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ልጅን ከቤት አስወጥቶ የማያስመልስበት ዘመን ነበር። ስለ ሌላ ሰው ልጅ ጠባይ መናገር በብዙ ቤት ነውር ሆኖ የቀረው ከዚያ ጀምሮ ነው። በኢትዮጵያ ቅድመ ጥንቃቄ የሚባል ነገር በትምህርት ቤት ሲታሰብ የሚገጥመው የመጀመሪያ እንቅፋት ከገንዘብ እጥረት በፊት ይህ ትዝታ ነው።

ሰማያዊው መጽሐፍ

ሕገ መንግሥቱ በ1987 ሲጸድቅ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በሌሎች የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት በአካላቸው ከሚፈጸም ወይም ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ መብት ሰጠ። አለንጋው በሕግ ተከለከለ። ክልከላውን ወደ ሥራ የሚያወርደው ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ያወጣው፣ መምህሩ ሁሉ «ሰማያዊው መጽሐፍ» ብሎ የሚጠራው የትምህርት አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ሆነ። የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድና ወላጅ መምህር ኅብረት፣ በአጭሩ ወመህ፣ ሥልጣናቸውን የሚያገኙት ከዚህ መመሪያ ነው። የተማሪ ዲስፕሊንም ከወመህ ሥራዎች አንዱ ሆነ። በኋላ ተማሪው ራሱ ወደ ኅብረቱ ገባና ስሙ ወተመህ ተባለ።

አለንጋው በሕግ ሲነሳ በቦታው የተተካው ወላጅ ነው። «ወላጅ አምጣ» ለከተማ ልጅ የአንድ ማለዳ እፍረት ነው፤ አባቱ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ከሀብሩ ገጠር ቀበሌ መጥቶ መርሳ ወይም ወልድያ ላይ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን በየሳምንቱ ከቤት እያመላለሰ ለሚማረው ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አባቱን ለማምጣት በእግር ይሄዳል፤ አባቱ በእርሻ ወቅት ከበሬው ተለይቶ ይመጣል፤ ወይም ልጁ ጨርሶ አይሄድም። ያኔ ከመንገድ አንድ ጎልማሳ ለምኖ «አጎቴ» ብሎ ያቀርባል፣ ወይም ትምህርቱን ይተዋል። ኮሚቴው አንድ ወላጅ ፈረመ ብሎ ሲመዘግብ ስለ ልጁ አዲስ ነገር የነገረው ሰው የለም።

ይህን ልጅ የሚያውቁት ሰዎች ግን አሉ። የቤት አከራይዋ መብራቱን ስንት ሰዓት እንደሚያጠፋ፣ ስንቁ መቼ እንዳለቀ፣ ማን ሊጠይቀው እንደሚመጣ ያውቃሉ። አብሮት የሚያድረው ጓደኛው ከዚያም በላይ ያውቃል። ሰማያዊው መጽሐፍ ወላጅንና መምህርን እንጂ እነዚህን አይጠራም። በሴት ተማሪዎች በኩል የተሻለ ነገር ታይቷል፤ ትምህርት ሚኒስቴር በ2006 በትምህርት ቤቶች ጾታን መሠረት ያደረገ ጥቃትን ለመከላከል ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ጥቃት እንዴት ሪፖርት እንደሚደረግና ማን ምን ኃላፊነት እንዳለበት ለመዘርዘር ሞክሯል። ደንቡ ግን ስለ ጥቃት ነው፤ ገና ማንንም ስላላጠቃ፣ ራሱንም ስላልጎዳ፣ ግን እየደፈረሰ ስላለ ልጅ አይናገርም።

የግቢው ሕግ

በዩኒቨርሲቲ በኩል ታሪኩ የፖሊስና የግቢ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 1993 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲያምፁ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ የሚል ነበር። ብጥብጡ ወደ ከተማው ተዛምቶ በርካታ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች ተከታተሉ፦ ቁጥር 351 በ1995፣ ቁጥር 650 በ2001፣ ቁጥር 1152 በ2011። አዋጆቹ የተማሪን መብትና ግዴታ አስቀምጠው ዝርዝሩን ለየተቋሙ የውስጥ ደንብ ይተዋሉ። በየግቢው «ሴኔት ሌጂስሌሽን» እየተባለ የሚጠቀሰው ሰነድ ጥፋቶችን በደረጃ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቅጣት ይመድባል። የምክር አገልግሎት ቢሮም በግቢው አለ፤ ነገር ግን ተማሪው ራሱ በሩን ካላንኳኳ ሥራ አይጀምርም፤ የተጨነቀ ተማሪ ደግሞ በአብዛኛው በር አያንኳኳም።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ተመሠረተ፤ መርሳ ላይም የግብርና ካምፓስ አለው። እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ከመላ አገሪቱ ተመድቦለት የመጣ ነው። ከወለጋ፣ ከሲዳማ፣ ከጎጃም የመጡ የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች በአንድ ዶርም ያድራሉ። ቅዳሜ ጥቅምት 29 ቀን 2012 ምሽት በግቢው ውስጥ በተነሳ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ሞቱ፣ ሌሎችም ቆሰሉ። ወሬው በማኅበራዊ ሚዲያ ከተማሪ ቤተሰብ ደጅ ለመድረስ ሰዓታት ብቻ ወሰደበት። በቀጣዮቹ ሳምንታት ግጭቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ግቢያቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

መንግሥት የሰጠው መልስ ተቋሙ በሚያውቀው መንገድ ነበር። የፌዴራል ፖሊስ በዩኒቨርሲቲዎች ተሰማራ፤ ተማሪዎች ታገዱ፣ ተባረሩ። ከዚያው ዓመት የትምህርት ዘመን መጀመሪያ አንስቶ ተማሪና ወላጅ ሰላም እናስከብራለን ብለው ውል እንዲፈርሙም ተደርጎ ነበር፤ ይህ «ወላጅ አምጣ» ወደ አገር አቀፍ ደረጃ ሲያድግ ነው። በ1993 ተማሪው ውጣልኝ ያለው ፖሊስ በ2012 ተመልሶ ሲገባ ብዙ ወላጅ እፎይ አለ። ያ እፎይታ ይገባኛል፤ ልጁን በሺ ኪሎ ሜትር ርቀት የላከ ሰው በር ላይ የቆመ ጠባቂ ያጽናናዋል። ሆኖም ፖሊሱ የሚጠብቀው በሩን ነው፤ ግጭቱ የተነሳው ከበሩ ወዲህ ባደሩ ልጆች መካከል ነበር።

በዚያው ሰሞን ጎንደር ሌላ መንገድ ጀመረ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ነዋሪዎች ጋር የቃል ኪዳን ቤተሰብ ፕሮጀክትን ዘረጋ፤ ከሩቅ የመጣ ተማሪ ከአንድ የከተማው ቤተሰብ ጋር ይተሳሰራል፣ በዓል አብሮ ይውላል፣ ሲታመም የሚጠይቀው ያገኛል። ጥበቡ ማወቅን ከቅጣት መለየቱ ነው። የቃል ኪዳን እናት የተማሪውን ጭንቀት ብትሰማ ቃለ ጉባኤ አትይዝም። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፤ የሰማችውን ነገር ይዛ ለማን መሄድ እንዳለባት የሚነግራት ሕግ የለም።

ባሕር ማዶ ሕጉ እንዴት ተወለደ

ሥጋት ያየ ሰው ለማን እንደሚናገር የሚወስን ሕግ በማውጣት ቀድማ የተገኘችው የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ናት፤ የተማረችውም በሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ 32 ሰዎች ገደለ። መርማሪ ቡድኑ ያገኘው ነገር አስደንጋጭ ነበር፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ያውቅ ነበር። መምህራን በጽሑፎቹ ተሸብረው ነበር፣ የግቢው ፖሊስ ቅሬታ ደርሶት ነበር፣ ፍርድ ቤትም ሕክምና እንዲከታተል አዝዞ ነበር። የተማሪ መረጃ ምሥጢር ነው ብለው ስላመኑ አንዱ ለሌላው አልተናገረም። ከዚያ በፊት የአሜሪካ ሲክሬት ሰርቪስና የትምህርት መሥሪያ ቤቱ 37 የትምህርት ቤት ጥቃቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናትም ከመቶ 81 በሚሆኑት ቢያንስ አንድ ሰው የአጥቂውን ሐሳብ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2008 የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የሥጋት ገምጋሚ ቡድን እንዲያቋቁሙ በሕግ አስገደደች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ግዴታውን ወደ ትምህርት ቤቶች አወረደችው። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2018 በፓርክላንድ ትምህርት ቤት 17 ሰዎች ከተገደሉ በሳምንታት ውስጥ ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፤ ቴክሳስም እ.ኤ.አ. በ2019 ተከተለች። ቡድኑ አዲስ መሥሪያ ቤት አይደለም። በተቋሙ ያሉትን የተማሪ ጉዳይ ኃላፊ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያና የሕግ አስከባሪ በቋሚነት አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ ስለ አንድ ተማሪ የመጣ ሥጋት ሁሉ ወደዚያ ይገባል፤ ቡድኑ ልጁ ምን እንደሚያስፈልገው ይመክራል፣ ይከታተላል። ወቀሳም አለበት። ፖሊስ ከጠረጴዛው ሲቀመጥ ድጋፉ ወደ ክትትል እንደሚያዘነብል፣ ስማቸው ቶሎ የሚነሳውም ጥቁርና አካል ጉዳተኛ ልጆች እንደሆኑ ተቺዎች ይናገራሉ። ቀይ ሽብርን ላየ አገር ይህ ወቀሳ ከምስጋናው በላይ መነበብ አለበት።

ከጦርነቱ በኋላ

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና መርሳ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። ሀብሩ ውስጥ ውርጌሳ ለሳምንታት የጦር ግንባር ሆናለች። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፣ ወድሟል፤ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል በሚደረገው ውጊያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል።

ትምህርት ቤት በተከፈተበት ሁሉ ወደ ክፍል የሚመለሰው ልጅ በ1994 ሰማያዊው መጽሐፍ ሲጻፍ የታሰበው ልጅ አይደለም። በር ሲዘጋ የሚደነግጥ፣ በትንሽ ነገር የሚደባደብ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ የሚውል ልጅ በድሮው ደንብ ሲለካ ረባሽ ወይም ሰነፍ ነው። በክልሉ መምህራን የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ድጋፍ ሥልጠና ተሰጥቷል፤ የሠለጠነው መምህር ምልክቱን ለይቶ ያያል። ያየውን ይዞ ሲነሳ ግን የሚያገኘው ያንኑ ዩኒት ሊደር፣ ያንኑ ኮሚቴ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ በቆየበት አገር ሁሉንም ወደ ሐኪም ላክ ማለትም መልስ አይሆንም።

ምን ይደንገግ?

የመጀመሪያው ነገር ሁለቱን ሥራ መለየት ነው። ዲስፕሊን ኮሚቴው ይቅጣ፤ ሥጋትን የሚያደምጠው ቡድን ግን ለመቅጣት ሥልጣን አይኑረው፣ የሰማውም ለኮሚቴው ማስረጃ አይሁን። ተማሪው ስለ ጓደኛው የሚናገረው ነገር ጓደኛውን እንደማያስባርር ካላወቀ አይናገርም። ፖሊስ የሚጠራው በሰው ሕይወት ላይ የተቃረበ አደጋ ሲኖር ብቻ እንደሆነ በደንቡ በግልጽ ይጻፍ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ማን እንደሚይዝና ለምን እንደሚይዝ ገደብ ያስቀምጣል፤ የቡድኑ መዝገብም በዚህ ልክ ይጠበቅ፣ ልጁ ሲመረቅ ይወገድ።

ሁለተኛው አባላቱ ናቸው። ለመርሳ ትምህርት ቤት ስም ጠሪ መምህር፣ አንድ የጤና ባለሙያ፣ ከወተመህ አንድ ሰው፣ ተማሪዎች ራሳቸው የመረጧት አንዲት መምህርት ይበቃሉ። ቅጥር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በሳምንት የታወቀ ሰዓትና ከማስተማር ክፍለ ጊዜ የሚቀነስ ጊዜ ነው። በትርፍ ሰዓት ሥሩ የተባለ ኮሚቴ ዕጣው ይታወቃል። አከራይ፣ የዶርም ጓደኛ፣ ፕሮክተር አባል መሆን የለባቸውም፤ ያዩትን የሚናገሩበት አንድ ስም፣ አንድ ስልክ ቁጥር ግን ይሰጣቸው።

ሦስተኛው ማን ያውጣው የሚለው ነው። ይህ ከፓርላማ አዋጅ መጠበቅ የለበትም። አጠቃላይ ትምህርትን የሚያስተዳድረው ክልሉ ስለሆነ የአማራ ትምህርት ቢሮ በመመሪያ ሊደነግገው፣ የሀብሩ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ሊያስፈጽመው ይችላል። ለዩኒቨርሲቲው መንገዱ የበለጠ አጭር ነው። አዋጁ ዝርዝሩን ለውስጥ ደንብ ስለተወ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሴኔት በአንድ ስብሰባ ደንቡን አሻሽሎ ቡድኑን ማቋቋም ይችላል። የዚህ ተቋም ታሪክ እስከ ዛሬ ያሳየን ደንብ የሚሻሻለው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑን ነው። ወልድያ ያንን ዋጋ አስቀድማ ስለከፈለች ሌላ ማስረጃ የሚጠብቅ ሴኔት ሊኖራት አይገባም።